እጀ ጥጥ

እዚያ ሱቅ ጢሙን ሊላጭ ተቀምጦ እንቅልፍ ሸለብ ያላደረገው ሰው ጥቂት ነው። ምላጭ ጉሮሮ ላይ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ በእሱ እጅ ግን ሰው ጉሮሮ እንዳለውም ይረሳል። ስለዚህ ፀጉር አስተካካዩን «እጀ ጥጥ» አሉት፤ ስሙም በልኩ እንደተሰፋ ኮት ገጠመለት። «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ» እያለ የሚምለው፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚሠራው ባልደረባው ነው። ይህ ባልደረባ ጠዋት በሩ ሲከፈት የጀመረውን ወሬ የሚጨርሰው ማታ በሩ ሲዘጋ ስለሆነ፣ እሱ ደግሞ ራዲዮ ይባላል።

ሱቁ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው። ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የያዘ መስታወት፣ ተራ ጠባቂ የሚቀመጥበት አግዳሚ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንገቱ ተሰብሮ በፕላስተር የታሰረ ማራገቢያ። አውቶቡስ ሲመጣ በመስታወቱ ውስጥ ይታያል። ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነ ደንበኛ ብድግ ሲል ራዲዮ ፎጣ እያቀበለ «ሂድ ግዴለም፤ ግማሹን ነገ እንጨርሰዋለን» ይለዋል። እጀ ጥጥ ፈገግ ይላል እንጂ አይናገርም። ለምን ዝም እንደሚል ሲጠይቁት «ራዲዮ በተከፈተበት ቤት ሰው ምን ይናገራል?» ይላል።

እጀ ጥጥ አንድ ልጅ ነበረችው። «እሙ» ይላታል፤ ሰው ሴት ልጁን ሲያቆላምጥ እንደሚለው፣ የገዛ እናቱን የወለደ ይመስል። እሷ ከተወለደች ወዲህ እሱና ሚስቱ የራሳቸውን ስም ረሱት። ሚስቱ እሱን «አባቷ» ትለዋለች፤ እሱ ሚስቱን «እናቷ» ይላታል። «አባቷ፣ በሩን መለስ አድርገው።» «እናቷ፣ መነጽሬን አላየሽልኝም?» ሁለቱ ሲጠራሩ ቃላቸው ራሱ ልጅቷን በጀርባው እንዳዘለ ነበር።

እሙ አደገችና ሞባይል መሸጫ ቤት ተቀጠረች። አብረዋት የሚሠሩት ልጆች፣ አንዲት ሴት በቤቷ እየቀመመች የምትሸጠውን የፊት ክሬም አስለመዷት። ነጭ ዕቃ ነው፤ ክዳኑም ነጭ፤ ምንም ጽሑፍ የለበትም። ሽታው ጽጌረዳና የተቃጠለ ስኳር የተቀላቀሉበት ይመስላል። እሙ ወጥታ ከሄደች በኋላ እንኳ ሽታው ክፍሏ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ብዙም ሳይቆይ ፊቷ ፈካ። ጎረቤት «ፍቅር ይዟት ነው» አለ። እናቷ «ዕድሜዋ ነው» አለች። አባቷ ደግሞ ዘመኑን ሁሉ የሰው ፊት ሲያይ የኖረ ሰው ነውና፣ እንደ ልማዱ ዝም ማለት አቅቶት ሱቅ ውስጥ አፉን ከፈተ።

«የልጄን ፊት አያችሁት? መብራት ሆናለች እኮ።»

«እንግዲያውስ ማታ ማታ እዚህ አምጣትና ከመብራት ወጪ አሳርፈን» አለ ራዲዮ። ሱቁ በሙሉ ሳቀ፤ እጀ ጥጥም ሳቀ። ያ ሳቅ በኋላ ተመልሶ እንደሚመጣበት ማን ያውቃል።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ሥር ያብጥ ጀመር። ቀጥሎ እግሯ። ጫማዋ እምቢ አላትና የአባቷን ነጠላ ጫማ አድርጋ ሥራ ሄደች። ሐኪም ቤት «ኩላሊት ነው» አሉ። ከምን መጣ ሲባሉ «አንዳንዴ ምክንያቱ አይታወቅም» አሉ። አባትና እናት በዚያ ኮሪደር ነጭ ጋወን የለበሰውን ሁሉ እየያዙ ያንኑ ጠየቁ፤ ወለል የሚወለውለውን ሰውዬ ሳይቀር ጠየቁ። መልሱ ሳይመጣ ልጅቷ ሄደች።

ከቀብር በኋላ ሁለቱ ቃላት ቤት ውስጥ የሚኖሩበት አጡ። ሚስቱ «አባ—» ብላ ትጀምርና የቀረውን ትውጠዋለች። ያንን ትንሽ «ቷ» ማን ላይ ትጣለው? ቀስ በቀስ «ስማ» ትለው ጀመር። እሱም «ስሚ እስቲ» ይላታል። ለመንገደኛ እንኳ ሰው ከዚህ የተሻለ መጥሪያ አያጣም።

የእሙን ልብስ እናቷ በአንድ ጠዋት አውጥታ ሰጠች። «ዓይኔ እያየው አልችልም» አለች። ያስቀረችው አንድ ሰማያዊ ሻርፕ ብቻ ነው። መኝታ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ለባሏ ጀርባዋን ሰጥታ ትተኛለች። እሱ አልተቀየማትም። ሲያባብሏት የባሰ የምታለቅስ ሴት መሆኗን ያውቃል፤ ስለዚህ ጀርባዋን እያየ ያድራል።

ልብሱ ሲወጣ ግን እሱም አንድ ነገር ደበቀ። ከእሙ አልጋ ሥር ትንሽ ካርቶን አገኘ፤ ለጓደኞቿም ልታከፋፍል የገዛቻቸው እነዚያ ነጭ ዕቃዎች ውስጡ ተደርድረዋል። አንዱን ከፈተው። ልጅቷ ገና አሁን ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከክፍሉ የወጣች መሰለው። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። በጣቱ ጫፍ ቆንጠር አደረገና መዳፎቹን አሻሸ፤ ሁለቱንም ፊቱ ላይ ከድኖ ተነፈሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲመለስ፣ ራት ሳይቀርብ በፊት፣ የእሙን ክፍል በር ገርበብ አድርጎ ይገባል። ማንም ቢጠይቀው «ክሬም እቀባለሁ» አይልም፤ ሊዋሽም ፈልጎ አይደለም። ለእሱ ያ መቀባት አልነበረም። ሰው የታመመ ዘመዱን ይጠይቃል፤ ርቃ የተዳረች ልጁን ሄዶ ይጠይቃል። እሱም ልጁን መጠየቁ ነበር።

ጥቂት ሰንብቶ ደግሞ ሚስቱ አልጋ ላይ ወደ እሱ ዞረች። ዞራ ግንባሯን አንገቱ ሥር ወሽቃ ተኛች። እሱ ሳይንቀሳቀስ፣ ክንዱ እስኪደነዝዝ ቆየ። ጊዜ መልካም ነው፤ ተመለሰችልኝ ብሎ አሰበ።

ክንዱ የደነዘዘው ግን ከእሷ ክብደት ብቻ አልነበረም።

መጀመሪያ መዳፉ ቀላ። ከዚያ ጉንጩ ላይ ጥቃቅን ሽፍታ ወጣ፤ ሄድ መለስ እያለ ግንባሩን ያዘ። ቀጥሎ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ጉንዳን የሚርመሰመስ መሰለው። ሱቅ ውስጥ የመላጫ ማሽኑን ለራዲዮ እያቀበለ «እጄን እየነዘረኝ ነው» አለ።

«ኮረንቲ ነው! ልቀቀው!» ራዲዮ ዘሎ ሶኬቱን ነቀለው። ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ።

«ኮረንቲ አይደለም፤ እጄን ነው የሚነዝረኝ።»

«ታዲያ ኮረንቲ ሌላ ምን ያደርጋል? ይነዝራል።»

ቃሏ አንድ ስለሆነች ማንም ሌላ ነገር አላሰበም። ጤና ጣቢያ ሄደ። ነርሱም «እጄን ይነዝረኛል» ሲለው፣ «የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው?» ብሎ ጠየቀና «በሉ መጀመሪያ መስመሩን ያስፈትሹ፤ የሰው ሕይወት ነው» ብሎ መለሰው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠራ። ሰውዬው ግድግዳውን ፈታ፣ ገጠመ፣ ማሽኑን በጆሮው አዳመጠ፤ በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፀጉሩን በነፃ ተስተካከለና «የእናንተ ሶኬት ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው» ብሎ ሄደ። እጁ ግን መንዘሩን አልተወም።

ፋርማሲ ጠየቀ፤ «ፈንገስ ነው» ብለው ቅባት ሰጡት፤ አባሰበት። ሌላ ሐኪም አልኮሉና ፓውደሩ ነው፣ ጓንት አድርግ አለው። ጓንት ባደረገበት የመጀመሪያ ቀን ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ነበሩ። የሱቁ የመጀመሪያ ደንበኛ እሳቸው ናቸው፤ ከእጀ ጥጥ በቀር ማንም ጉንጫቸውን ነክቶት አያውቅም። ጓንቱን በመስታወት አዩና፣

«ዛሬ ልትላጨኝ ነው ወይስ ልታዋልደኝ?» አሉ።

«እንደ ሆድዎ ከሆነስ ማዋለዱ ይቀድማል» አለ ራዲዮ ከወዲያ። ርዕሰ መምህሩ ሳቁ፤ ሳቃቸው እስኪያልቅ ምላጩ አየር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ያን ጊዜ ነው እጀ ጥጥ ምላጩ ትንሽ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ያየው። ወደ ታች ዝቅ አድርጎ በፎጣው የሚጠርገው መሰለ።

ከጉንዳኑ በኋላ የመጣው ደግሞ የባሰ ነበር። ምንም የማይሰማው ሆነ።

«ምን ልበልህ» አለው ለራዲዮ፣ ሁለቱ ብቻ ሆነው ፀጉር ሲጠርጉ፤ «የያዝኩትን ሁሉ በጥጥ ጠቅልለው የሰጡኝ ነው የሚመስለኝ። መቀሱም ጥጥ ነው፤ ማበጠሪያውም ጥጥ ነው።»

«ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል» አለ ራዲዮ። «እኔ መልአክ መሆኔን ገና ዛሬ አወቅኩ።» ቀልዱን ከጨረሰ በኋላ ግን ጓደኛውን አየና መጥረጊያውን ከእጁ ወሰደለት። «ተቀመጥ። እኔ እጠርገዋለሁ» አለው። ከዚያ በኋላ እስኪዘጉ ድረስ ዝም አለ፤ ራዲዮ ዝም ሲል ነገሩ ብርቱ ነው።

ርዕሰ መምህሩ በተከታዩ ጊዜ ሲመጡ ጓንቱን አወለቀላቸው፤ እንደ ድሮው ልላጭዎት አለ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምላጩ አገጫቸው ሥር ሲደርስ እጀ ጥጥ ምን ያህል እንደተጫነ አልታወቀውም። ያወቀው ነጩ ጨርቅ ላይ ደም ሲያይ ነው። ርዕሰ መምህሩ ዓይናቸውን ገልጠው በመስታወት አዩት፤ ከራሳቸው ቁስል ይልቅ የእሱ ፊት አስደነገጣቸው።

«ምንም አይደለም። ለወጉ እንኳ አንድ ቀን መቆረጥ አለብኝ» አሉ።

በሌላው ሳምንት የራዲዮ ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ። የእጀ ጥጥ ወንበር ባዶ ነበር። «ያንተ ተራ ይረዝማል ብዬ ነው» አሉት፤ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ላለመገጣጠም አውቶቡስ የሚጠብቁ ይመስል ወደ መንገዱ እያዩ። እጀ ጥጥ «ልክ ነዎት» አለ። ከዚያ ወዲህ ሌላውም ሰው ሽፍታውን እያየ ይጋባ ይሆን ብሎ ወደ ራዲዮ መሄድ ጀመረ። እጀ ጥጥ ፎጣ ያጥፋል፣ መስታወት ይወለውላል። ከዚህ እጅ ሌላ ሀብት አልነበረውም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው በዚህ እጅ ነው፤ እሙን ያሳደገው በዚህ እጅ ነው፤ ስሙም ራሱ እጁ ነው።

«ስማ» አለችው ሚስቱ፣ ሻዩን ሲያፈስ አይታው፤ «የቆዳ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ። እምቢ ብትል ራዲዮን ይዤ እመጣብሃለሁ።»

የቆዳ ሐኪሟ ወጣት ናት። በእሙ ዕድሜ ባትሆን ትንሽ ብትበልጣት ነው። ሚስቱ ኮሪደር ላይ ቀረች። ሐኪሟ በሩ ላይ ተቀብላው «ይግቡ አባቴ» አለችው፤ ሰው ለትልቅ ሰው እንደሚለው ነው ያለችው፤ እሱ ግን መቀመጫውን እስኪያገኝ ድረስ ዓይኑ ጭጋግ ለበሰ።

ብዙ ጠየቀችው። በመርፌ ጫፍ ጣቶቹን ነካ ነካ እያደረገች «እዚህ ጋስ?» አለች። የሚሰማው ቦታ ከማይሰማው አነሰ። አፉ ውስጥ የብረት ጣዕም ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው።

«ቁልፍ የምመጥ ነው የሚመስለኝ። ጥርሴ መስሎኝ ነበር።»

«ፊትዎንና እጅዎን የሚቀቡት ነገር አለ?»

«እኔ? ወንድ ነኝ እኮ። አልኮልና ፓውደር ነው የማውቀው፤ እሱም ለደንበኛ ነው።»

ሳቀችና መብራቱን ወደ ፊቱ አስጠጋች። ሳቋ ሳያልቅ ቆመ። አገጩን ይዛ ወደ ግራ አዞረችው፤ ወደ ቀኝ አዞረችው። ሽፍታው ከአገጩ ተነሥቶ ሁለቱን ጉንጮች ይዟል። ግንባሩ ላይ ሲደርስ እንደ ዘንግ ዘንግ እየሆነ ይወጣል። አፍንጫው ግን ንጹሕ ነው።

«እስቲ ሁለት እጅዎን ፊትዎ ላይ ያድርጉ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«እንዲሁ። ሰው ብቻውን ሲሆን እንደሚያደርገው።»

መዳፎቹን አንሥቶ ፊቱን ከደነ። እያንዳንዱ ጣት በየቀዩ መሥመር ላይ ሄዶ ተኛ፤ አንዱም ቦታውን አልሳተም። የሰው ፊት ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት የሚቆም ሰው ነው፤ ይህንን ግን አላየም።

«አባቴ» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ፤ «ይህ ሽፍታ የእጅዎ ቅርጽ ነው። እንዲህ የሚያደርጉት መቼ ነው?»

እጁን ከፊቱ ላይ አላነሣም። ከእጁ ጀርባ ሆኖ ነው የመለሰው።

«ልጄን ስጠይቅ» አለ።

የእሙንና የካርቶኑን ነገር ለሐኪሟ ነገራት፤ በማግሥቱም ከነጮቹ ዕቃዎች አንዱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ አመጣ፤ ሽንትም ሰጠ። ሐኪሟ የቤት ሰውም ይመርመር ብላ ስለነበር ሚስቱም ሰጠች። ምንድን ነው ያመጣኸው ብላ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም። ውጤቱ የመጣ ዕለት ሁለቱም ሐኪሟ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ሜርኩሪ ነው» አለች። «በድሮው የትኩሳት መለኪያ ውስጥ ያለው፣ የሚያብረቀርቀው ነገር። ቆዳ ያነጣል ብለው አንዳንዶች ክሬም ውስጥ ይጨምሩታል። በቆዳ ይገባል፤ ነርቭን ይጎዳል። የእጅዎ መንዘርም መደንዘዝም ከእሱ ነው።» ወደ ሚስቱ ዞረች። «በእርስዎም ሽንት ውስጥ አለ፤ ከእሳቸው ያነሰ ነው። የሚሰማዎት ነገር አለ?»

«እግሬን ውርር ያደርገኛል» አለች ሚስቱ። «እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

እጀ ጥጥ ወደ እሷ ዞረ። ዕቃውን አንድ ቀን እንኳ ነክታው አታውቅም።

«እጄ ይመለሳል?» አለ ለሐኪሟ።

«ካቆሙ ይሻላል። ቀስ እያለ ነው። ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

«መቀባቱን እተዋለሁ። ክዳኑን ከፍቼ ማሽተት ብቻስ?»

«አይቻልም አባቴ። በአየርም ይገባል። ዕቃዎቹን በሙሉ አሽገው ያምጡልኝ። የነካው ትራስ፣ ፎጣ፣ ሻርፕ ካለም እንደዚያው ነው። የቀረውን በደንብ እጠቡ። ልጅቷ የሰጠቻቸው ሰዎች ካሉም ይነገራቸው።» ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች። «ልጅዎ በምን ነበር ያረፈችው?»

«በኩላሊት» አለች እናት።

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እነሱ ሳበች።

«ይህ ነገር ኩላሊትንም ይጎዳል» አለች ሐኪሟ። «ልጅዎን ግን እኔ አላየኋትም። በእርግጠኝነት ልናገር አልችልም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ስለ እጁ ሊጠይቅ መጥቶ፣ ያኔ በዚያ ኮሪደር ወለል ወልዋዩን ሳይቀር የጠየቁት ጥያቄ ነው የተመለሰለት። ያውም ግማሹ። መልስ ሲያገኝ የሚያርፍ መስሎት ነበር። አሁን የታየው ያ ሱቅ ውስጥ የሳቀው ሳቅ ነው። መብራት ሆናለች እኮ፣ ብሎ ነበር። ልጁ እየጠፋች መሆኗን እንደ መብራት አይቶ፣ ደስ ብሎት ለሰው አወራ። ከሄደችም በኋላ በየቀኑ ራቱ ሳይቀርብ አልጋዋ ላይ እየተቀመጠ የቀጠፋትን ነገር ፊቱ ላይ እየከደነ ይስም ነበር።

ውጪ፣ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሰው ያልፋል፤ ሕፃን ያለቅሳል፤ ወረቀት የያዘች ሴት ክፍል ቁጥር ትፈልጋለች።

«ስሚ... ከአልጋዋ ሥር አንድ ካርቶን...»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። የልጄ ሽታ ባሌ አንገት ላይ መጥቶ እኔ ላላውቀው?» መሐረቧን ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች። «ማሸተት ፈልጌ ነው እኮ ወደ አንተ የዞርኩት። አንገትህ ሥር እሷ ነበረች። ብነግርህ ታፍርና ትተዋለህ ብዬ ፈራሁ።» ቀና ብላ አየችው። «ለአንተ ብዬ የዞርኩ መስሎህ ነበር እንዴ?»

«መስሎኝ ነበር» አለ።

ሚስቱ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ፤ ወረቀት የያዘችው ሴት መንገዷን ቀይራ በሌላ በኩል አለፈች።

የእሙን ጓደኞች ቤት ለቤት የዞረችው እናቷ ናት። አንዷ አቅፋት አለቀሰችና ያላትን አውጥታ ሰጠቻት። ሌላዋ «ሐዘን ነው የሚያናግርሽ፣ እትዬ» ብላ በሩን ዘጋችባት። ከእሷ ቤት ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። «ነገም እሄዳለሁ» አለች። «ከነገ ወዲያም እሄዳለሁ። እስክትሰማኝ።»

እሑድ ቤቱን አጠቡ። ጓንት አደረጉ፤ እሱ የሱቁን አመጣ። አንሶላው፣ መጋረጃው፣ ብርድ ልብሱ ሁሉ ወደ ግቢ ወጣ፤ ወለሉና የአልጋው ብረት ተፈተገ። ትራሱ፣ ፎጣውና ካርቶኑ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ገቡ። ፌስታሉን ሊያስር ሲል «ቆይ» አለችው። ገብታ ሰማያዊውን ሻርፕ ይዛ ወጣች። አንገት የሚነካው ጠርዙ በክሬም ወዝቶ ጠቁሯል። ወደ አፍንጫዋ ልታስጠጋው እጇ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ሳታሸተው አጣጥፋ ከላይ አኖረችው። ልቡ «አታድርጊው» አለ። ፌስታሉን አሰረ። ጣቶቹ ቋጠሮው የጠበቀ ይሁን የላላ አልነገሩትምና፣ እሷ ደገመችው።

ከምሳ በኋላ ሁለቱም ደክሟቸው ጋደም አሉ። ፀሐይ በባዶው መስኮት ገብታ ግድግዳው ላይ ተዘርግታለች። አዲሱ ትራስ ጠንካራ ነው። ሚስቱ ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ ተኛች፤ እንደ ልማዷ ግንባሯን አንገቱ ሥር ወሸቀች፤ ተነፈሰች። እንደገና ተነፈሰች።

«ሳሙና ሳሙና ትላለህ» አለች።

«እ።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሱ ጣሪያውን እያየ ጠበቀ። አሁን ትዞራለች አለ በልቡ፤ ወደ ግድግዳዋ ትመለሳለች፤ ማን ይፈርድባታል? እኔ ብሆን አልዞርም? እንባዋ በአንገቱ ወርዶ አንሶላው ላይ ጠፋ። ብዙ ቆየች። ከዚያ እጁን ፈልጋ አገኘችውና መዳፉን ከፍታ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው።

«ይሰማሃል?»

«ከሩቅ» አለ። «ከሩቅ ይሰማኛል።»

መዳፉን አልለቀቀችም። ውጪ አንሶላዎቹ በነፋስ ይማታሉ።

«አባቷ» አለች።

ቃሉ እስከ መጨረሻው ወጣ። ያች ትንሽ «ቷ» ክፍሉ ውስጥ ቆመች፤ የምትወድቅበት አጥታ ቆመች።

«እ?» አለ።

«ምንም። ልጠራህ ብዬ ነው።»